ከለቡ እስከ ጁገል በታጣፊ ብስክሌት

ይህ ጽሑፍ ስለ አንድ መንገድና ስለ አንዲት ብስክሌት ነው። ብስክሌቷ የእኔ አይደለችም፤ አደራ ነበረች።

በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሻርጃ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ወደ አገር ቤት በሚመለስ ጓደኛው እጅ አንድ ትልቅ ካርቶን ላከ። ካርቶኑ አዲስ አበባ እኔ ቤት ይድረስ እንጂ የእኔ አልነበረም። የተላከው ሐረር ጁገል ውስጥ ከእናቱ ጋር ለሚኖረው፣ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመት ለሞላው ልጁ ነው። ከፍተን ስናየው ባለቤቴ ደንግጣ፣ «የተሰበረ ብስክሌት ነው እንዴ የላከው?» አለች። እውነትም ከወገቧ የተቀነጠሰች ትመስል ነበር። የፊትና የኋላ ጎማዋ ጎን ለጎን ገጥመው፣ መሪዋ ወደ ታች ወርዶ፣ ፔዳሎቿ እንደ ክንፍ ተሰብስበው ተኝታለች።

ማታ በስልክ ሳገኘው ወንድሜ ሳቀ። «ታጠፈች እንጂ አልተሰበረችም» አለኝ። ከሁለተኛ እጅ ገዝቷት ሁለት ዓመት ሥራ ሲመላለስባት ኖሯል። አራት ሆነው በሚያድሩባት ክፍል ውስጥ ብስክሌት ማቆሚያ የለም፤ ውጭ የታሰረ ብስክሌት ደግሞ ሌሊቱን ይጠፋል። እርሷ ግን ታጥፋ ከአልጋው ሥር ትገባለች። በኋላ የሥራው ቦታ ሲርቅና በአውቶቡስ መሄድ ሲጀምር ለልጁ ላካት።

«አንድ ነገር ግን አደራ» አለኝ ቀጥሎ። «ለልጁ ከመስጠትህ በፊት አንተ ራስህ መንገድ ላይ ሞክራት። እኔ የነዳኋት ሜዳ አስፋልት ላይ ነው። እዚያ ዳገቱ አለ፣ ቁልቁለቱ አለ፣ ጉድጓዱ አለ። ከመሀሏ የምትታጠፍ ነገር ላይ ልጄን ዝም ብዬ አላስቀምጥም።»

እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ መምህር ነኝ፤ ከወንበርና ከጥቁር ሰሌዳ ውጭ እምብዛም አልነቃነቅም። ብስክሌት የተማርኩት በልጅነቴ ክረምቱን ድሬዳዋ አክስቴ ዘንድ ሳሳልፍ በሰዓት እየተከራየሁ ነበር። ቢሆንም አባት ስለ ልጁ ሲጠይቅ እምቢ አይባልም። በታኅሣሥ ወር ከትምህርት ቤቱ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ጠይቄ፣ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ደግሞ በእርሷው ለመሄድ ወሰንኩ።

እንዴት ያለች ናት?

ከጉዞው በፊት ስለ ብስክሌቷ ጥቂት ልንገራችሁ። ጎማዋ 26 ኢንች ነው፤ ማለትም በየሰፈራችን ከምናየው «ማውንቴን» ከምንለው የተራራ ብስክሌት ጎማ ጋር እኩል። ማርሿ 21፣ ክብደቷ 15 ኪሎ ያህል ነው። ከወፍራሙ ቧንቧዋ መካከል እንደ በር ማጠፊያ ያለ ነገር አለ። ማጠፊያውን ጥርቅም አድርጎ የሚይዝ መቀርቀሪያ፣ መቀርቀሪያው እንዳይከፈት የሚከለክል ደግሞ ሌላ ትንሽ ምላስ አለው። ይህችን ትንሽ ምላስ አስታውሱልኝ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ፈረንሳዮች ለወታደር የሚሆን ታጣፊ ብስክሌት ሠርተው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የእንግሊዝ ዣንጥላ ወራጆች ከአውሮፕላን የሚዘሉባት ታጣፊ ብስክሌት ነበረቻቸው። ለሰላማዊው ሰው የሚሆነው ዓይነት በብዛት የተስፋፋው ግን ቆይቶ ነው። ዴቪድ ሆን የሚባል የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1982 ዳሆን የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ ትናንሽ ጎማ ያላቸውን ታጣፊዎች ለዓለም አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ ሞንታግ የሚባል አባትና ልጅ በአሜሪካ ሌላ መንገድ ያዙ። አባትየው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበር፤ የፈለጉትም ጎማውን ሳያሳንሱ ሙሉውን ብስክሌት የሚያጥፉበትን ዘዴ ነው። ቆይቶም በዚያው አገር የመከላከያ ምርምር ተቋም ድጋፍ ለዣንጥላ ወታደሮች የሚሆን ታጣፊ የተራራ ብስክሌት ሠሩ። የእኛዋ ከእነዚህ ከሁለቱም ቤት የወጣች አይደለችም፤ ስሟ ተፋፍቆ የማይነበብ ርካሽ ዘመዳቸው ናት።

ትንሽ ጎማ ያላት ታጣፊ ከእጅ ሻንጣ ብዙም አትበልጥም፤ ለባቡርና ለፎቅ ቤት እርሷ ትሻላለች። ነገር ግን እኛ አገር ጉድጓድ ውስጥ ትገባና ትቀራለች። ደግሞም 16 ወይም 20 ኢንች ካላማዳሪ ፈልጉ ብትባሉ የት ታገኛላችሁ? የ26 ኢንቹን ግን ጎሚስታ ያለበት ከተማ ሁሉ አያጣውም። ጉዳቱ ስትታጠፍም ትልቅ መሆኗ ነው። በሜትር ስለካት ርዝመቷ 90፣ ቁመቷ 80፣ ስፋቷ 40 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ብዙዎቹ አየር መንገዶች ደግሞ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት 23 ኪሎና በሦስቱም አቅጣጫ ተደምሮ 158 ሳንቲ ሜትር ነው። በክብደት አለፈች፣ በመጠን ወደቀች፤ የወንድሜ ጓደኛ ተጨማሪ ከፍሎባታል። «ታጣፊ ናት» ብላችሁ በአውሮፕላን ለመላክ የምታስቡ ካላችሁ አስቀድማችሁ ለኩ።

በባቡር

ባለቤቴ ከአሮጌ መጋረጃ ትልቅ ከረጢት ሰፋችልኝ። ከረጢቱን ጠቅልዬ ከኋላ አሰርኩና ሱብሒ ሰግጄ ከጀሞ ወደ ለቡ ጣቢያ ነዳሁ። የአዲስ አበባን ጣቢያ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እንደ ጥንቱ ለገሃር መሀል ከተማ አይደለም። ከከተማው ዳር ነው፤ ማለዳ እዚያ መድረስ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። እኔ ግን ታክሲም ሳልለምን ከበሩ ደረስኩ፤ ወረድኩ፤ አጠፍኳት፤ ከረጢቱን አለበስኳት።

ጥበቃው፣ «ምንድን ነው?» አለኝ። ከፍቼ አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ማጠፊያዋን ነካካና ባልደረባውን ጠራው። ባልደረባውም ሌላውን ጠራ። ብስክሌት ሆና ብትመጣ ኖሮ ሰልፉ ላይ እንጣላ ይሆናል፤ ታጥፋ በመምጣቷ ግን ሁሉም ወደዷት። ደግነቱ ከሁለት ቀን በፊት ትኬት ስቆርጥ ይዣት ሄጄ አሳይቼ አስፈቅጄ ነበር። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ባቡሩ የሚሄድበትንም ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ይህ አዲሱ መስመር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መባቻ ሕዝብ ማመላለስ ጀመረ። የቀድሞው የፈረንሳዮቹ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚያ ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ ባልኖረችም ነበር። መተሐራ ላይ የበሰቃ ሐይቅ ከቀለጠ ድንጋዩ ሜዳ መሀል ተኝቶ ይታያል። ከአዋሽ በኋላ ግመል፣ ግራር፣ አቧራ፣ እንደገና ግመል። ከጎኔ የተቀመጡት እናት ከረጢቱን አይተው፣ «ልጄ፣ የልብስ ስፌት መኪና ነው?» አሉኝ። «ብስክሌት ናት እማማ» ስላቸው እየቀለድኩባቸው መስሏቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ድሬዳዋ ስንደርስም ጣቢያው ከከተማው ርቆ ነው ያለው። ተሳፋሪው ከነሻንጣው ባጃጅ ለመያዝ ሲራኮት እኔ ጥግ ይዤ ከረጢቱን አወለቅሁ። ማጠፊያውን ገጠምኩ፤ መቀርቀሪያውን ጫንኩ፤ ምላሷን አዞርኩ፤ መሪውን አቀናሁ፤ ኮርቻውን አወጣሁ። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። የታጣፊ ብስክሌት ትልቁ ጥቅም ለእኔ እዚህ ነው የገባኝ። ባቡሩ ዋናውን መንገድ ያደርሳችኋል፤ ጣቢያው ከከተማ የራቀባቸውን ሁለቱን ጫፎች ግን እርሷ ትሞላለች።

አክስቴ ቤት ከደቻቱ ማዶ መጋላ ነው። ደቻቱ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደውም እርሱ ነው፤ አክስቴ እስከ ዛሬ ክረምት ሲገባ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ታነጋለች። ብስክሌቷን አጥፌ ከመደቡ ሥር ስከታት አይታ፣ «አቦ ይህችስ ጥሩ እንግዳ ናት፤ ካንተ ያነሰ ቦታ ነው የምትይዝ፤ ሩዝም አትጨርስ!» አለችኝ። ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ በድሬና በሐረር «አንቱ» ብዙም የለም። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ «አንተ» ነው፤ ማንም አይቀየምም።

የደንገጎ ዳገት

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደንገጎ ከ2,000 በላይ ነው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። የመጀመሪያውን አምስት ኪሎ ሜትር በትንሹ ማርሽ ተንፏቀቅሁት። ቀጥሎ መቶ ሜትር መንዳት፣ ሁለት መቶ ሜትር መግፋት ሆነ። ከላይ ጫት የጫኑ መኪኖች እንደ ጥይት ይወርዳሉ፤ ከታች ከባዶቹ የጭነት መኪኖች እያቃሰቱ ይወጣሉ። አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣ «አቦ ዶክተር አዞልህ ነው?» ብሎኝ አለፈ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ታገልኩ። ከዚያ በኋላ ጉልበቴ ጥያቄውን መለሰልኝና መንገድ ዳር ቆሜ ሚኒባስ አስቆምኩ። ረዳቱ ገና ብስክሌቷን ሲያይ፣ «አይቻልም! ቦታ የለም!» አለ። «ጠብቅ» አልኩት፤ አጠፍኳት። መኪናው ውስጥ ያለው ሕዝብ አጨበጨበ። ረዳቱ ግን ነጋዴ ነው፤ «እሺ፣ የሁለት ሰው ትከፍላለህ» አለ። ከኋለኛው ወንበር በስተጀርባ ስትገባ የማንንም እግር እንደማትነካ አይቶ በአንድ ሰው ከግማሽ ተስማማን። በከረጢቱ ሸፍኜ «ዕቃ ነው» ብዬ ላሳልፋት ሐሳቡ መጥቶልኝ ነበር። ደስ አላለኝም። ደግሞም በግልጽ ስታሳዩት ሰው ከምታስቡት በላይ ቦታ ይፈልግላችኋል።

ተራ ብስክሌት ቢሆን ኖሮ እዚያ ዳገት ላይ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረኝ፤ መግፋት ወይም መመለስ። ወንድሜ ሞክራት ያለኝ ብስክሌቷን ነው እንጂ ሳንባዬን አይደለም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ደንገጎ ላይ ወረድኩ። ብርዱ ሌላ አገር ነው። ሻይና ሳምቡሳ በልቼ፣ ላቤ ደርቆ፣ ልቤ ሲረጋ ዘርግቼ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ለብስክሌት የተሠራ ይመስላል። በአዴሌ በኩል እየወረደ፣ እየተነሳ፣ እንደገና እየወረደ ይሄዳል። በግራና በቀኝ የጫት ማሳ፣ የማሽላ አገዳ፣ የድንች መደብ። ፍሬኑን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ ይዛለች። ጉድጓድ ውስጥ አስገባኋት፤ ወጣች። ማጠፊያዋ ትንሽ ሲጢጥ ይላል እንጂ አይንቀሳቀስም። «ወንድሜ በከንቱ ነው የሰጋው» እያልኩ በልቤ ደብዳቤውን መጻፍ ጀመርኩ።

ሐረማያ

የሐረማያን ሐይቅ በልጅነቴ ከአውቶቡስ መስኮት አይቼዋለሁ፤ ሰማይና ውሃው አንድ ሆኖ፣ ወፉ እንደ ደመና ሲነሳ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ግን ውሃው እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ደረቀ። ሐረርን ያጠጣ የነበረው እርሱ ነውና ከተማይቱ ስንት ዓመት በጀሪካን ተንገላታች! ውሃው ከብዙ ዓመት በኋላ መመለስ ጀምሮ፣ እኔ በደረስኩበት ጊዜ ዳር ዳሩን ሣር ለብሶ፣ መሀሉ ያበራ ነበር። ከብስክሌቷ ወርጄ ብዙ ቆየሁ። በአውቶቡስ ቢሆን መስኮቱ ላይ አንድ ደቂቃ ያልፍ ነበር።

የዙሁር ሰዓት ደርሶ ስለነበር መንገድ ዳር ካለው መስጊድ ገባሁ። ብስክሌቷን የሚጠብቅልኝ ሰው አልነበረም፤ አጥፌ ይዣት ገብቼ ጫማ ከሚወልቅበት ጥግ አስቀመጥኳት። ስወጣ ግን ነገሩ ተበላሽቷል። አሥራ አምስት የሚሆኑ ሕፃናት ከበዋት ቆመዋል። አንደኛው በእጁ የመክፈት ምልክት እያሳየ «ክፈታት! ክፈታት!» ይላል።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደስ አለኝ። መምህር ነኝና ሕፃናት ሲከቡኝ ትርዒት ማሳየት እወዳለሁ። እንደ አስማተኛ በአንድ እጄ አነሳኋት፤ ወዘወዝኳት፤ ተዘረጋች፤ «ወይኔ!» አሉ። መቀርቀሪያውን በመዳፌ መታሁት፤ ኮርቻዋን መዘዝኩ፤ ዘልዬ ወጣሁ። ሕፃናቱ እየጮኹ እስከ ኩርባው ተከተሉኝ። እኔም ወደ ኋላዬ እየዞርኩ እጄን አወዛወዝኩላቸው።

አወዳይ መግቢያ ላይ አስፋልቱ ላይ የተሠራ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አለ። ፍጥነቴ ብዙ አልነበረም፤ ገበያው ስለሚጀምር ቀንሻለሁ። የፊት ጎማዬ ጉብታውን ወጥቶ ሲወርድ ከታቼ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ብስክሌቷ እንደ መጽሐፍ ተከደነች። መሪው ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ። መዳፌና ጉልበቴ አስፋልቱ ላይ ተፋቁ። ከኋላዬ ይመጣ የነበረ ባጃጅ ፍሬኑን አስጩሆ ከእግሬ አንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ ቆመ።

መጀመሪያ የደረሱልኝ ጫት የሚሸጡት ሴቶች ናቸው። አንዷ ከጀሪካን ውሃ አፈሰሰችልኝ። ሌላዋ የራሷን ሻሽ ቀዳ መዳፌን አሰረችልኝ። ሦስተኛዋ የታጠፈችውን ብስክሌት አንስታ፣ «ምስኪን! ለሁለት ተሰብራለች» አለች፤ ባለቤቴ ያለችውን። «አላህ ነው ያተረፈህ» አለኝ የባጃጁ ልጅ፤ እጁ ከእኔ ይልቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሻሿን የቀደደችው ሴት ዋጋዋን ልክፈልሽ ብላት ተቆጣችኝ።

ጥላ ሥር ተቀምጬ መረመርኳት። የተሰበረ የለም፤ የተጣመመ የለም። መቀርቀሪያው እስከ መጨረሻው አልተጫነም ነበር። ያቺ ትንሿ ምላስ ደግሞ ጭራሽ አልዞረችም። ከሐረማያ እስከ አወዳይ የሄድኩት በግማሽ በተዘጋ ማጠፊያ ላይ ነው። ጥፋቱ የማንም አይደለም፤ የእኔ ነው፤ የሕፃናቱ ጭብጨባ።

አስተካክዬ ዘጋኋት። ግን አልወጣሁባትም። እስከ ሐረር የቀረውን መንገድ እየገፋሁ በእግሬ ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጓደኞቹ ከበውት «ክፈታት» ሲሉት ከእኔ የተሻለ ይጠነቀቃል?

ጁገል

ስለ ጅቦቹና ስለ ግንቡ ሌሎች ብዙ ስለጻፉ አልደግመውም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 የመዘገበው የጁገል ግንብ ውስጥ ከሦስት መቶ ስልሳ በላይ ጠባብ መንገዶች አሉ ይባላል። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። በመኪና ግርግር በኩል፣ በልብስ ሰፊዎቹ መሀል እየገፋሁ ወረድኩ። ወደ ወንድሜ ቤት የምትወስደው መንገድ አፍ ላይ የብስክሌቷ መሪ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ፋቀው። እዚያው አጠፍኳትና ተሸክሜ ገባሁ።

የወንድሜ ሚስት በሩ ላይ ተቀበለችኝ፤ የታሰረ እጄን አይታ፣ «ውይ ወንድሜ!» አለች። ልጁ ከነደባው ላይ ተነስቶ ሰላም አለኝ፤ ዓይኑ ግን በትከሻዬ ላይ አልፎ በሩን ያያል። ሌላ የሚገባ ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጥ ተቀመጠ። ከረጢቱን አወለቅሁለት። «የአባትህ ናት፤ ሁለት ዓመት የነዳት» አልኩት። «አውቃለሁ፤ በፎቶ አይቻታለሁ» አለ። ትንሽ ቆይቶም፣ «ዘንድሮ እመጣለሁ ብሎኝ ነበር» አለ። እናቱ ቡናውን ልታይ ተነሳች።

ከዒሻ በኋላ ግቢው ውስጥ ቆሜ ለወንድሜ ደወልኩ። የአወዳዩን እንዳልነግረው ሰይጣን ደጋግሞ መክሮኛል። መንገዱንም፣ ፍሬኑንም፣ ጎማዋንም ካመሰገንኩ በኋላ ነገርኩት። ስልኩ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ «አለህ?» አልኩት።

«እኔም አንዴ ወድቄባታለሁ» አለ በመጨረሻ። «ለሥራ ረፍዶብኝ ቸኩዬ። አልነገርኳችሁም።»

«እና ምን ይሻላል? ልስጠው ልመልሳት?»

«አንተው ጋ ስንት ቀን አለህ?»

«ሦስት።»

«እንግዲያው ዝም ብለህ አትስጠው። አስተምረው። ዓይኑን ጨፍኖ እስኪዘጋት ድረስ።»

በማግስቱ ከግንቡ ውጭ፣ ሸዋ በር አጠገብ ወዳለ ሜዳ ይዤው ወጣሁ። መጀመሪያ የታሰረውን መዳፌን ፈትቼ አሳየሁት፤ እንዴት እንደወደቅሁም፣ ለምን እንደወደቅሁም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ስለ ሕፃናቱ ጭብጨባ ስደርስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ሥራ ጀመርን። ዘርጋ። ግጠም። መቀርቀሪያውን ጫን፤ ድምፁን ስማ። ምላሷን አዙር። አሁን የፊቱን ፍሬን ጨብጠህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋት፤ ማጠፊያው ላይ እጅህን አድርግ፤ ይንቀሳቀሳል? አይንቀሳቀስም። መሪውን እየው። አሁን እጠፍ። እንደገና ዘርጋ። ሲያጥፍ ካቴናው ያለበት ጎን መሬት እንዳይነካ፣ ሲሸከም በልብስ ገመድ እንዲያስራት አሳየሁት። በሁለተኛው ቀን ሆነ ብዬ እያወራሁት፣ እየቀለድኩ፣ የሰፈሩ ልጆች እንዲከቡት እያደረግሁ አዘጋሁት። አንድ ጊዜ ምላሷን ረሳ። ጓደኞቹ ፊት «ወርደህ እየው» ስለው ጆሮው ቀላ፤ ከዚያ ወዲያ ግን አልረሳም።

ኮርቻዋን ሊያስተካክል ሲሞክር ነው ያገኘው። የኮርቻው ቧንቧ ላይ በሚስማር የተጫረ አንድ መስመር አለ። ኮርቻው ሲታጠፍ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ በተዘረጋች ቁጥር ቁመቱን በግምት ላለመፈለግ አባቱ ያደረገው ምልክት ነው። እኔም በመንገዱ ሁሉ አይቼው ነበር፤ ከወንድሜ አጠር ስለምል ከመስመሩ ዝቅ አድርጌ ነዳሁ እንጂ ነገሬ አላልኩትም። ልጁ ግን ኮርቻውን እስከ አባቱ መስመር አወጣና ወጣባት። እግሩ ፔዳሉን አልደረሰም። ወረደ፤ ልኩን ፈልጎ አገኘ። ከዚያ ጣቶቹን በቧንቧው ላይ ደርድሮ ቆጠረ። «አራት ጣት» አለኝ። ከመሬት ሚስማር ፈልጎ የራሱን መስመር ጫረ።

በሦስተኛው ቀን በግንቡ ዙሪያ ነዳት፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚጠጋ ነው። እኔ ፈላና በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። እናቱ ሦስት ሕግ አወጣች፤ ወደ አወዳይ መንገድ አትወጣም፣ መግሪብ ሳይደርስ ትገባለች፣ ማንንም ከኋላ አትጭንም። አራተኛውን እርሱ ራሱ ጨመረ፤ እርሱ ሳያያት ሌላ ሰው አይዘረጋትም።

ልግዛ ብላችሁ ለምታስቡ የእኔን ፍርድ ልንገራችሁ። ቤታችሁ ሰፊ ግቢ ካለው ታጣፊ አትፈልጉም፤ በዚያው ገንዘብ የተሻለ ተራ ብስክሌት ይገኛል። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ለሚኖር፣ ወይም መንገዱ ግማሹ በታክሲ ግማሹ በእግር ለሆነ ግን ውድ ዕቃ ናት። አሥራ አምስት ኪሎ ደረጃ ላይ መሸከም ቀልድ አይደለም፤ ልጅ ብቻውን አይችለውም። ስትገዙ ቀለሙን ትታችሁ ማጠፊያዋን እዩ። ገጥማችሁ ወዝውዟት፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተመለሱ።

ወደ አዲስ አበባ የተመለስኩት ባዶውን የመጋረጃ ከረጢት በብብቴ ይዤ ነው። ባለቤቴ አጥባ ለድንች ማስቀመጫ አደረገችው።

አባቱ በዚያ ዓመት አልመጣም፤ በሚቀጥለውም አልተሳካለትም። ልጁ ግን በየዒዱ ሁለታችንም ጋ አንድ ፎቶ ይልካል። ሰው የለበትም፤ የኮርቻው ቧንቧ ብቻ ነው። ባለፈው የተላከው ላይ ከአራቱ ጣት የቀረው አንድ ነበር።